ጳጉሜን የዘለለ ፕሮግራም

ሰው ቅዳሜውን በኳስ ያሳልፋል፣ እኔ በጃቫ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ኳስ ስለማልችል ነው። አሶሳ ውስጥ መብራትና ኔትወርክ በአንድ ጊዜ የሚገኙበት ሰዓት እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ጥለኸው አትወጣም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ካሉ፣ ላፕቶፔን ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንድ ነገር እሞክራለሁ። ያንኑ ሥራ በሁለት መንገድ ጽፌ የትኛው እንደሚፈጥን እለካለሁ። ፕሮግራም የምጽፍበት የጃቫ ቋንቋ አዲስ ስሪት ከወጣ አውርጄ ምን እንደተለወጠ አያለሁ፤ ማውረዱ ብቻ ሁለት ቅዳሜ ይፈጃል። መብራት ከሄደ ደግሞ ደብተር ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። በእርሳስ የተጻፈ ኮድ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ተሳስተሃል የሚልህ የለም።

ይኸው በሽታ ያለብን አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ቴሌግራም ላይ ቡድን አለን። ብዙዎቹን በአካል አላውቃቸውም። በየሳምንቱ አንዳችን አንድ ጥያቄ እንጥላለን፣ ሌሎቻችን ኮድ ጽፈን እንመልሳለን። ሽልማት የለውም። ትርፉ መቀላለድ ነው፤ የተሳሳተ ሰው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ መሳቂያ ይሆናል።

በሥራ ቀን ግን ትምህርት ቢሮ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መደቤ ረጅም ስም አለው፤ ሥራው ፕሪንተር ውስጥ የተነከሰ ወረቀት ማላቀቅ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ፕሪንተር ስፈታና ስገጥም ከርሜ፣ የመምህራን ዝውውር ጉዳይ ሲነሳ ራሴን መግታት አቃተኝ። በየዓመቱ የዝውውር ኮሚቴው ማመልከቻውን አዳራሽ ውስጥ ዘርግቶ ሁለት ሳምንት ነጥብ ይደምራል። መምህሩ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ያገለገለው ዘመን ነጥብ ይሆናል፤ ነጥቡ የበለጠ የጠየቀው ቦታ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ "ይሄማ በጃቫ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው" አልኩ።

መዝገብ ቤታችንን የያዙት አዛውንት የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛን የተማሩት አድገው ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም "እሱ" ነው የሚሉት። ጃቫ ምን እንደሚሠራ ሳስረዳቸው ሳቁብኝ።

"ልጄ፣ ማሽን ፋይል አያውቅም። ፋይል እኔ ነው የማውቀው። ወላሂ፣ ሰውዬው ደብዳቤ ሲቀበል ዝናብ ነበር፣ ፀሐይ ነበር፣ እሱንም አውቃለሁ።"

እኔም ለአክብሮት ያህል ፈገግ አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

በአራት ቀን ጨረስኩት። የወራቱን ዝርዝር ከየት እንዳመጣሁት በደንብ አስታውሳለሁ፤ ከደሞዝ መክፈያው ሰንጠረዥ ላይ ገለበጥኩት። ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ ጥርት ብሎ ተጽፎ፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ። ዓመት ስንት ወር አለው ብለው ቢጠይቁት የመንግሥት ሠራተኛ አፉ አሥራ ሦስት ይላል፣ እጁ ግን አሥራ ሁለት ይጽፋል። ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። እኛ ቢሮ ደግሞ ደሞዝ የሌላት ወር ሰንጠረዥ ውስጥ አትገባም።

ይኼ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ጃቫ ያልገባው ነገር ሲገጥመው ይጮኽና ሥራውን ያቆማል። እንዳያቆም ከፈለግህ ጩኸቱን የምትይዝበት ቦታ አለ፤ እዚያ ውስጥ "ይህ መስመር አልገባኝም ብለህ ንገረኝ" ብለህ ትጽፋለህ። እኔ "በኋላ እሞላዋለሁ" ብዬ ባዶውን ተውኩት። ስለዚህ ፕሮግራሜ ያልገባው መምህር ሲያጋጥመው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ሲፈታ እንኳ ድምፅ የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ መናገር አለብኝ። መተከል ውስጥ ማንቡክ በምትባል ከተማ የሒሳብ መምህርት ናት። ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው፤ አንድ ጣሪያ ሥር የኖርነው ግን ክረምቱም የትምህርት ዕረፍቱም ተደምሮ አንድ ዓመት ከምናምን ቢሆን ነው። ወደ እሷ የምሄደው በጉባ በኩል መንገዱ ክፍት ሲሆን በዚያ፣ ሲዘጋ ዞሮ ነው፤ ዞሮ የሄደ ሰው ደግሞ ዕረፍቱን መኪና ላይ ይጨርሰዋል። ልጃችን አራት ዓመቷ ነው፣ ከእናቷ ጋር ናት። እኔን "የስልኩ አባቢ" ትለኛለች። መጀመሪያ ስትለኝ ከልቤ ሳቅኩ። በኋላ መሳቁን ተውኩት።

በዚያ ዓመት ለአሶሳ ካመለከቱት አንዷ ባለቤቴ ነበረች። ለሒሳብ መምህር የተከፈተው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ፕሮግራሙን ከማስነሳቴ በፊት ለኮሚቴው ሰብሳቢ ነገርኳቸው። "ባለቤቴ ዝርዝሩ ውስጥ አለች" ስላቸው፣ "ታዲያ ማሽን ዘመድ አለው እንዴ?" ብለው ሳቁ። ነገሩ ደስ አለኝ። ስሟን ላልፈልግ፣ መስመሯን ላላይ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ጠበቅኩትም። ንጹሕ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ዝርዝሩ ታተመ፣ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ የተዛወረው ሰው ስምና የሚሄድበት ቦታ እንጂ ነጥቡ አልተጻፈም። እንደ ማንም ሰው ተጋፍቼ አነበብኩ። የሒሳቡ ቦታ የሌላ ሰው ነው።

ደውዬ ነገርኳት። "እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ማሽን ዘመድ የለውም" አልኳት፣ የሰብሳቢውን ቀልድ የራሴ አድርጌ። ቅሬታ ለማቅረብ አምስት ቀን ተሰጥቶ ነበርና ለወጉ ያህል "አስገቢ፣ መብትሽ ነው" አልኳት።

"ምን ብዬ?" አለች። "ነጥቤ ባይሞላ ነው እንጂ፣ አንተ ሠርተኸውማ አይሳሳትም።"

ከዚያ ስለ ልጅቷ ጉንፋን አወራን። አምስቱ ቀን አለፈ። "አንተ ሠርተኸውማ" ያለችው ነገር ደስ ብሎኝ ሰነበተ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ቡድናችን ላይ አዲስ ጥያቄ ወጣ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ሁለት ቀኖችን ተቀብሎ በመካከላቸው ስንት ቀን እንዳለ የሚናገር ፕሮግራም ጻፉ ይላል። እጄ ላይ አለ! ለዝውውሩ የጻፍኩትን ገልብጬ፣ ሁለት መስመር ነካክቼ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ላኩት። ጥያቄውን ያወጣው ሰውዬ አሥር መፈተኛ አዘጋጅቶ ነበር። ዘጠኙ አረንጓዴ ሆኑልኝ። አሥረኛው ቀላ፤ ቀኑ ጳጉሜ አምስት ነበር።

ጉድ ፈላ! ቡድኑ በሳቅ ፈረሰ። "ጌታው፣ አገርህ የት ነው?" አለ አንዱ። "ጳጉሜን የት ደብቀህ ነው፣ አምጣ!" አለ ሌላው። እኔም ሳቅኩ። የሚመጥን መልስ ልመልስላቸው መጻፍ ጀምሬ፣ መሀል ላይ እጄ ቆመ። ያ ኮድ እኮ የቢሮው ኮድ ነው።

የአመልካቾቹን ፋይል ከፍቼ የባለቤቴን ስም ፈለግኩ። የተቀጠረችበት ቀን ሦስት፣ ወሩ አሥራ ሦስት። የሩፋኤል ዕለት። ታሪኩን ቢያንስ አሥር ጊዜ አውርታልኛለች፤ እዚሁ አሶሳ፣ የቅጥር ደብዳቤዋን ተቀብላ ስትወጣ ዝናቡ ወረደ፤ ደብዳቤውን ሹራቧ ውስጥ ከትታ ሮጠች፣ ማኅተሙ ግን ራሰና ሰማያዊው ቀለም ሆዷ ላይ ታተመ። ስንተጫጭም ይህንኑ ስታወራ ዘመዶቻችን ስቀዋል። አሥር ጊዜ የሰማሁትን ቀን ፕሮግራሜ ውስጥ ቦታ አልሰጠሁትም። ወይ እኔ!

በእርሳስ ደመርኩት። ባለቤቴ ሰባት ዓመት አገልግላለች። ቦታው የተሰጠው መምህር ያገለገለው ስድስት ዓመት ነው። ሁለት ጊዜ ደመርኩና ያው ሆነ።

ወዲያው ደወልኩላት። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ የደሞዙን ሰንጠረዥም፣ ባዶ የተውኩትንም ቦታ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ይገባኛልም። እስክጨርስ ሰማችኝና፣

"እኔ ብቻ ነኝ?" አለች።

"ምኑ?"

"ጳጉሜ የተቀጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ ወይ? መስከረም ትምህርት ሊከፈት ሲል እኮ ነው ደብዳቤ የሚያድሉት። ያን ቀን እዚያ ዝናብ ውስጥ ስንት ሆነን እንደተሰለፍን ነግሬህ የለ?"

ሌሎቹን አልፈለግኩም ነበር። ጠዋቱን ሙሉ የፈለግኩት አንድ ስም ነው። ስሟን ላልነካ ቃል ገብቼ ደረቴን ስነፋ የሰነበትኩት ሰውዬ፣ ስሟን ብቻ ፈልጌ፣ ፋይሉን ዘግቼ፣ ስልክ አንስቻለሁ።

"ቆይ፣ እንዳትዘጊ" አልኳትና ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ ቀን የሚያደርገውን አደረግኩ፤ የገቡትን ቆጠርኩ፣ ከፕሮግራሙ የወጡትን ቆጠርኩ። ሰባት ይጎድላሉ። ሰባቱም ወራቸው አሥራ ሦስት ነው። ከእነሱ ውስጥ ግልገል በለስ አካባቢ የምታስተምር ሌላ የሒሳብ መምህርት አለች፤ እሷም አሶሳን ነው የጠየቀችው።

"ስንት ዓመት አገልግላለች?" አለች ባለቤቴ።

"ዘጠኝ።"

ሁለቱን ለማወዳደር ጃቫም እርሳስም አያስፈልግም። ሰኞ የባለቤቴን ስም ብቻ ይዤ ብገባ ቦታው የእሷ ነው፤ የቀሩትን ስድስቱን የሚያውቅ ደግሞ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም የለም። አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው። አሰብኩት፤ ረዘም ላለ ጊዜም አሰብኩት።

ሐሳቤ ገብቷት ይመስለኛል፣ "ሰባታችንንም ጻፍ" አለች። "ማሽን ዘመድ የለውም አላልክም?"

ሰኞ ደብዳቤ ጽፌ ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ከላይ ጻፍኩ፣ ከሥር ሰባት ስም ደረደርኩ። ሰብሳቢው አነበቡና ተቆጡ። "የቅሬታው ጊዜ አልፏል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ ለምን አልጮኹም?" አሉ። ምክንያቱን ማስረዳት ጀምሬ ሳልጨርስ፣ ጠዋት ነገሩን የነገርኳቸው የመዝገብ ቤቱ አዛውንት ሰባት ፋይል ታቅፈው ገብተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

"ጳጉሜ የገባ ሰው ሁሉ ይሄ ነው" አሉ። ከዚያ አንዱን ፋይል ከፍተው ማኅተሙ የፈሰሰበትን ቅጂ አሳዩኝ። "ሚስትህም አለ። ያን ቀን ደብዳቤውን ልብሱ ውስጥ ደበቀ፣ ረጠበ፤ ተመልሶ መጣ፣ እኔ ነኝ ሌላ ማኅተም ያስመታሁለት።"

ኮሚቴው ሦስት ቀን ተሰብስቦ ነጥቡን እንደ ድሮው በእጅ ደመረው። ከሰባቱ አራቱ ቦታ አገኙ። ስድስት ዓመት ያገለገለው መምህር ቦታው ተነጠቀበትና ኮሪደር ላይ አግኝቶ የሰደበኝን ሰደበኝ። ልክ ነው። ኮዱን አስተካከልኩት፤ ጳጉሜን አስገባሁ፣ ባዶው ቦታ ላይም አንድ መስመር ጻፍኩ። አሁን ያልገባው ነገር ሲገጥመው ይጮኻል። ለቡድናችን ግን ነገሩን አልነገርኳቸውም፤ እስከ ዛሬ "ጳጉሜ" ነው የሚሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችው መምህርት መሸኛዋን ይዛ ቢሮ መጣች። ባሏ በር ላይ ፍራሽና ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ይጠብቃል። ፕሪንተሩ ሥር ተንበርክኬ አገኘችኝ።

"ስሜ ጠፍቶ ነበር አሉኝ። ማን ነው ያገኘው?" አለች።

"አንዲት የማንቡክ መምህርት ናት" አልኳት።

"ውለታዋን እንዴት ልመልስ! አመስግንልኝ፣ እሺ?"

"እሺ" አልኩና ወረቀቱን ማላቀቄን ቀጠልኩ።

ማታ ራት ሰዓት ላይ ደውዬ ምስጋናውን አደረስኩ። ባለቤቴ "ልጆች አሏት?" ብላ ጠየቀች። አለማየቴን ነገርኳት፤ ባሏ ግን እዚሁ እንደሚሠራና በር ላይ ዕቃ ሲጠብቅ እንዳየሁት ነገርኳት። "ደግ" አለች። ከዚያ ድምጿን አስተካክላ፣ "ልጅህ ልታናግርህ ነው" ብላ ስልኩን ሰጠቻት።

"የስልኩ አባቢ" አለች ልጄ፣ "ነገም ስልኩ ውስጥ ነህ?"

"አዎ" አልኳት። "ነገም እዚሁ ነኝ።"