ሲስተር ገና ነው

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስለ ሲስተር ሰብለ ወንጌል ከማውራቴ በፊት ሆዴ ያለውን ላውጣው፦ ሴትዮዋ ፋታ አትሰጥም። «አይረጋም፣ ትምህርት አይገባውም» የተባለ ልጅ ሁሉ እሷ ክፍል ገብቶ ሲወጣ እኔ ጋ ይላካል። ደም አንሶት እንደሆነ ይታይ፤ ሆዱ ውስጥ ትል እንዳለ ይታይ። ጆሮና ዓይኑን ራሷ ትፈትሻለች። እንቅልፉን፣ ማንኮራፋቱን፣ ቤት ውስጥ ጠብ ወይም ሐዘን መኖሩን ሳይቀር ትጠይቃለች።

ወላጅ ደግሞ ስልኩ ላይ ኤዲኤችዲ ስለሚባለው፣ ልጅን ትኩረት ስለሚያሳጣና ስለሚያቅበጠብጥ ችግር አንብቦ፣ ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚመጣው። የእሷ መልስ «ገና ነው» ነው። ልጅ የሚቅበጠበጥበትና የሚፈዝበት ምክንያት ብዙ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ሳይጣራ ስም አይሰጥም ባይ ናት። ወረፋ ያሰለቻቸው ሰዎች «ሲስተር ገና ነው» ብለው ስም አወጡላት። ሰምታ ሳቀች እንጂ አልፈጠነችም።

ሲስተር መራዊ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። የአእምሮ ጤና ነርስ ልሆን ነው ስትል ዘመዶቿ «የእብድ ነርስ ማን ያገባታል?» ብለው አለቀሱ። ባልም አገኘች፤ ሥራውንም አልተወችም።

ባለፈው ዓመት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን የሚባሉ የዘጌ የቤተ ክርስቲያን መምህር፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጃቸውን ሩሐማን ሐይቁን በጀልባ አሻግረው አመጡ። ከተማ የምትኖረው አክስቷ እናትዓለም አብራ ነበረች። የትምህርት ቤቷ መምህርት ልጅቷ ሐሳቧ ክፍል ውስጥ የለም፣ ሲጠሯት አትመልስም ብላለች። አክስቲቱ ኤዲኤችዲ ነው፣ መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይታዘዝልን አለች። መሪጌታ ደግሞ ካልሆነላት በዚያው ዓመት ከትምህርት ቤት ሊያስቀሯት ቆርጠዋል።

ውጤቱን ይዤ ስገባ ደሟም ሆዷም ደህና ነበር። በሆዴ «እንግዲህ ኤዲኤችዲ ነው በያቸው» አልኩ። ሲስተር ግን ወደ አባትዮው ዞራ ልጅቷ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሆነች ጠየቀች።

የመሪጌታ ፊት በራ። «ዜማ ሳዜም አጠገቤ ቁጭ ትልና ዓይኗን ወደ ላይ ሰቅላ ዝም ትላለች። ብጠራት አትሰማኝም። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመኔ ያላገኘሁትን ተመስጦ እሷ በልጅነቷ አገኘችው።»

ሲስተር «መሪጌታ፣ ስትበላስ ትመሰጣለች?» አለቻቸው።

አሰቡ። አዎ፣ እንጀራውን እንደጠቀለለች እጇ መንገድ ላይ ይቀራል። ውኃ ስትቀዳም ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስሳል። እያወሩ ድምፃቸው ቀነሰ።

ሲስተር ቀጭን ወረቀት ቀደደችና ከሩሐማ አፍ ፊት ይዛ፣ ሳታቋርጥ በረጅሙ እንድትነፋበት ነገረቻት። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ነፋች፤ ወረቀቱ ተርገበገበ። ነፋች፣ ነፋች፤ ድንገት ወረቀቱ ቀጥ አለ። ዓይኖቿ ወደ ላይ ሄዱ፣ ሽፋሽፍቷ ተንቀጠቀጠ። ሲስተር ጆሮዋ ሥር «ሎሚ» አለቻት። መልስ የለም። ጥቂት ቆይታ ልጅቷ ምንም እንዳልሆነ ሰው መንፋቷን ቀጠለች።

«ምን አልሁሽ?»

«ምንም አላሉኝም።»

ሲስተር ይህ የሚጥል በሽታ ዓይነት እንደሚመስላት፣ ሰውን ሳይጥል ለአፍታ ብቻ ከዚህ ዓለም ነጥቆ የሚመልስ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ሆስፒታል ሄዳ የአንጎሏ ሞገድ እስኪታይና እስክትታከም ሐይቅ ውስጥ ብቻዋን እንዳትገባ፣ ጀልባ ጫፍ ላይ እንዳትቀመጥ አስጠነቀቀች። የበሽታው ስም ሲጠራ አክስቲቱ አማተበች። መሪጌታ ግን ያዘኑት በሌላ ነበር።

«እኔ እኮ እቀናባት ነበር» አሉ።

«ጸሎቷን ማንም አይወስድባትም» አለቻቸው ሲስተር። «የምናክመው ይህንን ብቻ ነው።»

አክስቲቱ ታዲያ ኤዲኤችዲ የለባትም ማለት ነው ወይ ብትል፣ ያው መልስ መጣ። ይህ ይታከም፣ የቀረ ካለ ያኔ ይታያል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ይህች ሴት በሥራዋ ስትኖረው ሳይ ኮራሁባት፤ እኔ ብሆን ኖሮ ውጤቱን አይቼ ኤዲኤችዲ ነው ብዬ እፈርም ነበር።

የሆስፒታሉ ምርመራ ያለችውን አረጋገጠ፤ ሐኪሙም መድኃኒት ጀመረላት። ሩሐማ ከትምህርቷ አልቀረችም። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጡ ሲስተር ትምህርት ቤት እንዴት ነው አለቻት።

«ጥሩ ነው» አለች ሩሐማ። «መምህርቷ አመሏ ተሻሽሏል። አሁን ከመቆጣቷ በፊት ስሜን ትጠራለች።»

መምህርቷ ድሮም ትጠራት እንደነበር የሚያውቁት መሪጌታ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።