የበሩ ረድፍና የግድግዳው ረድፍ

በደርግ ጊዜ ከመተማ ወዲህ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ እናበጥር ነበር። ወንፊቱ ትልቅ ነው፤ ከጣሪያው በገመድ ይንጠለጠልና ሁለት ሴቶች በሁለቱ ጫፍ ይይዙታል። አንዷ ጀርባዋን ለበሩ፣ ሌላዋ ለግድግዳው ሰጥታ ትቀመጣለች። እንዲህ ያሉ ብዙ ወንፊቶች ጎን ለጎን ስለ ነበሩ፣ የበሩ ረድፍና የግድግዳው ረድፍ እንባል ነበር። የግድግዳዋ ትስባለች፣ የበሯ ትለቃለች፤ ወንፊቱ ራሱ ተወዛውዞ ይመለሳል። ከተለመደ በኋላ እጅ ብቻውን ይሠራዋል፣ አፍ ወሬውን ያወራል።

እኔ የግድግዳዋ ነበርኩ። የምትጠባ ልጅ ስለ ነበረችኝ፣ በር ላይ ነፋስ ያገኘኛል ብዬ ፈርቼ የመረጥኩት ቦታ ነው። ያኔ የማልፈራው ነገር አልነበረም፤ ውሃ ሳላፈላ አላጠጣም፣ የልጆቼን ግንባር ሳልዳስስ አልተኛም። የወንፊት ጓደኛዬ ወሎዬ ነበረች፤ አገሯ ዝናብ ሲጠፋ ብቻዋን የወረደች፣ የምትመለስበት ቤት የሌላት።

"እኔን ነፋስ ምን ያደርገኛል፣ ወባ እንኳ ንቃ ትታኛለች" ብላ በሩ ጋ ተቀመጠች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሥራ አለቃችን ካቦው ገባ።

"የበሩ ረድፍ በሙሉ ውጡ፣ ሎሪ ይመጣል። የግድግዳው ባላችሁበት ቆዩ።"

"ምን ተገኘ ጓድ?" አለች አንዷ።

"ዕቅዱ ተከልሷል" አለና ሄደ።

ዕቅድ ሲከለስ ሰው ምን እንደሚሆን አናውቅም ነበር። ከዚያ በፊት ሎሪ የሚመጣው ሠራተኛ ወደ ሌላ እርሻ ለአጨዳ ሊወስድ ነበር። ስለዚህ ሎሪ የመጣለት ሥራ አለው፣ የቀረው ሥራው ቀረ ብለን ሁላችንም አንድ ላይ ተሳሳትን። እኛ ዘንድ ደግሞ ሥራ የቀረበት ሰው እንደ ሐዘንተኛ ይጠየቃል። የበሩ ሴቶች ተነሥተው በየተራ "እግዜር ያጽናሽ" አሉን። እኔ ልጆቼን አስቤ አለቀስኩ። ጓደኛዬ የለበሰችውን ቶብ፣ ያንን ከሱዳን የመጣ ባለ ቢጫ አበባ ልብስ፣ ከላይዋ ገፍፋ ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

"አብሽሪ። ሽጭውና ለልጆቹ ማሽላ ግዢ።"

"አንቺስ ምን ትለብሻለሽ?"

"እኔማ ባለ ሥራ ነኝ እቴ! እንዳንቺ ቦዘኔ መሰልኩሽ?" ብላ ሳቀች። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ሎሪው ሲደርስ ሾፌሩ ጥቅላቸውን ከካምፑ ይዘው እንዲወጡ ነገራቸው።

"ወዴት ነው የምትወስደን?"

"ሸሕዲ ከተማ። ከዚያ በአውቶቡስ ወደየአገራችሁ። የእናንተ ሥራ አብቅቷል።"

ከውስጥ ሰማነው። እንባዬ ፊቴ ላይ ገና አልደረቀም ነበር። ደስ አለኝ። ወዲያው ደስ ማለቱ አስጠላኝ፣ ከዚያ አዘንኩ፣ ከዚያ የቱ የቱ እንደ ሆነ ጠፋኝ። ጓደኛዬ ከእኔ ትበረታ ነበር። ታዲያ እኔ የቀረሁት ነፋስ ስለ ፈራሁ ነው? የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

ቶቡን ይዤ ሮጥኩ። ሎሪው ላይ ወጥታ ጥቅሏ ላይ ተቀምጣለች።

"እንኪ፣ ያንቺ ነው" አልኳት። "ያጽናሽ" ልበላት ብል እሷው ቀድማ ብላኛለች።

"አሁን ደግሞ እኔ ሆንኩ ሐዘንተኛዋ?" አለች። ትሳቅ ትቆጣ ከታች ሆኜ አላየሁም፤ ፀሐዩ ከጀርባዋ ነበር። እጇን ዘርግታ አንዱን ጫፍ ያዘች። ሌላው ጫፍ በእኔ እጅ ነው። ሎሪው ተንቀሳቀሰ፣ ቶቡ በመካከላችን ተወጠረ፣ ከዚያ ሙሉው ወደ እኔ መጣ።

ለቃልኝ ነው ወይስ እኔ ስቤው? እስከ ዛሬ አላውቅም። እጄ ከእሷ ጋር የለመደው መሳብ ብቻ ነበር። ቶቡን አልሸጥኩትም፤ ልልበሰውም ብዬ አልሆነልኝም።

በማግስቱ ካቦው የቀረነውን አጣመረን። ለእኔ የደረሰችኝ ከዚያው ከግድግዳው ረድፍ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረች ሴት ናት። ወንፊቱን ሞልተን ያዝነው። ሁለታችንም ሳብን። ገመዱ ተንሻፈፈ፣ ሰሊጡ መሬት ላይ ፈሰሰ።

"አንዳችሁ ልቀቁ እንጂ!" አለ ካቦው።

ተያየን። ማንኛችን እንደምትለቅ አልነገረንም።