ለአባቴ ሳንባ የሠራሁት በርሜል

ልጄ ባለፈው ሰኔ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶልኝ መጣ። «እጄ ምን ሆነና ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ቁጣዬን ለምዶታልና ገጣጥሞ አስነሳው። ኪስ ውስጥ የተረሳ የቁልፍ ዘለላ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ መንኳኳት ሲጀምር ግን ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ልጄ ማሽኑን የወደድኩት መስሎት ደስ አለው፤ እኔ የማየው የአባቴን ጓሮ ነበር።

አባቴ አሰላ ውስጥ ነሐስ ሠሪ ነበር። ልዋጮች ከየገጠሩ አሮጌ ነሐስ ይለቅሙለታል፤ አብዛኛው የተተኮሰ የጥይት ቀለሃ ነው። እሱ ከዚያ ቀለበትና አምባር ያወጣል፤ በገበያ ቀን ከኦጎልቾ በኩል የሚመጡ ሴቶች ክንዳቸውን ይሞሉበታል። «ማንን እንደመታ አላውቅም፤ ከእንግዲህ ግን ሙሽራ ያጌጥበታል» እያለ ይቀልድ ነበር።

ቀለሃ ታዲያ ጠቁሮና አረንጓዴ ቅርፊት ይዞ ነው የሚመጣው። አባቴ በጨርቅ የሸክላ ዱቄትና አመድ ይዞ አንድ በአንድ ይፈትገዋል። ያ ብናኝ ከዓመት ዓመት ሳንባው ውስጥ ተጠራቀመ። እኔ ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ቤታችን በሱ ሳል የሚነቃ ቤት ሆኖ ነበር። አንድ ቀን መሐረቡ ላይ ደም አየሁ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ «አባት፣ አቧራውን ካልተዉ እኔ የምሰጥዎት መድኃኒት የለም» አለው።

አባቴ በራችን ላይ ሲደርስ፣ «ተው ማለት ቀላል ነው። ተውኩት እንበል፤ ጠዋት ተነስቼ ምን ልሁን?» አለኝ። በማግስቱ ጨርቁን አነሳ። ደበቅኩበት፤ ሌላ ቀደደ። እናቴ ለመነችው፣ እኔ አለቀስኩበት፤ ድንጋይን መለመን ነበር። ያን ሰሞን እሱ በሳለ ቁጥር፣ ሳሉ እስኪያልፍለት እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቅ ነበር።

በርሜሉን የወለደው ይኸው ፍርሃት ነው። ቀለሃውን ከገለባ፣ ከፉርሽካና ከሸክላ ዱቄት ጋር በርሜል ውስጥ ከትቼ ባሽከረክረው እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ አቧራውም እዚያው ታስሮ ይቀራል ብዬ አሰብኩ። ለጎረቤታችን ለጎሚስታው ለጋሽ በቀለ ብነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዘይኔ፣ ሴት ልጅ ቺንጋ ስትለካ ልታሳዪኝ ነው!» አለኝ። እየሳቀም ቢሆን ረዳኝ። ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ተንበርክከን ከአንድ የተጣለ ኮምባይነር ላይ ለማሽከርከሪያ የሚሆን ፑሌጃና ኩሽኔታ ፈታን፤ ሞተሩን ሥራ ካቆመ ወፍጮ ቤት አገኘን። ሚስቱ የምትልክልንን ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየነከርን፣ ግራሶ በነካው እጃችን እንበላ ነበር። ክዳኑ ብናኝ እንዳያሳልፍ ከአሮጌ የጎማ ካላማደሪያ ቆርጦ ዙሪያውን ለበጠልኝ።

መጀመሪያ ስናስነሳው ሞተሩን ከበርሜሉ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ወልቆ ዶሮዎቹን በታተነ። በሌላ ቀን ክዳኑ ተስፈንጥሮ አጥር ዘለለ። መሬት ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቴን ያዝኩ፤ ጊዜ አልነበረኝማ፤ አባቴ እያለቀብኝ ነበር። እሱ ግን ሳሉን አቋርጦ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ ኢንተላ ኮ፤ ከዚህ በርሜል በፊት እኔ አልፈነዳም» አለኝ። ቀልዱ አንጀቴን በላው።

ጥቅምት ላይ፣ የጭላሎ ተራራ ጥርት ብሎ በሚታይበት አንድ ቀን፣ በርሜሉ እሺ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ሲሽከረከር ዋለ፤ አንዲት ብናኝ አላመለጠችም። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ድምፁን ሲያዳምጥ ዋለ፤ ሳሉም ጋብ ብሎለት ነበር። ስናጠፋው ጋሽ በቀለ፣ «እንዳትከፍቱት። መጀመሪያ የክዳኑን ውታፍ ነቅላችሁ በቀዳዳው ውሃ ጨምሩበትና አቧራው ይተኛ» ብሎን ወደ ሥራው ሄደ። የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ጀሪካን አነሳሁ።

«አባ፣ ሳልመጣ እንዳይነኩት።»

«እሺ አልኩሽ እኮ፤ ሂጂ።»

ስመለስ ሳቁን ከአጥር ውጭ ሰማሁት። ገባሁ። ክዳኑን ከፍቶ፣ የእናቴን ሰፌድ አንስቶ፣ ቀለሃውን ከነገለባው ከራሱ በላይ ከፍ እያደረገ ለንፋስ ይሰጣል። የአርሲ ሰው ገለባና ፍሬ ተደባልቆ ሲያይ ሌላ ምን ያደርጋል? አባቴ ነሐስ ሠሪ ከመሆኑ በፊት የገበሬ ልጅ ነበር፤ አውድማ ላይ ነው ያደገው። አውድማ ሜዳ ነው፤ ንፋሱ ገለባውን ይዞ ይሄዳል። የእኛ ጓሮ ግን ጠባብ ነው፤ ንፋሱ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። አባቴ በቀይ ደመና መሃል ቆሟል። እግሩ ሥር የተከመረው ቀለሃ እንደ ደረሰ ስንዴ ያበራል።

«ምርቱን አየሽ! አልሐምዱሊላህ፣ አየሽልኝ!»

«አባ፣ ይተዉት! በአላህ ይተዉት!»

ጀሪካኑን ጥዬ ሮጥኩ። ሰፌዱን ስነጥቀው ባዶ ነበር፤ በርሜሉም እንደዚያው።

ሳሉ ያንኑ ማታ ተነሳበት፤ ከመኝታው አልተነሳም። ከቀናት በኋላ ቃላቱን እየለቀመ፣ «ማሽንሽ ደህና ነበር። እጄ ነው ያልሰማው» አለኝ። ኅዳር ሳይወጣ ቀበርነው።

ዛሬ እኔ እሱ ከሞተበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ይህን የሰሙ ሁሉ ሊያጽናኑኝ «የልጁን ሥራ አይቶ፣ ደስ ብሎት ነው የሄደው» ይሉኛል። ክፋት የላቸውም፤ ራሴን ነቅንቄ አልፋቸዋለሁ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ያ ደስታው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ውሃው እስኪመጣ ቢሰለች፣ ቢነጫነጭ፣ «ምን ያስቆይሻል!» ብሎ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ሳቁ ቀርቶብኝ እሱ በኖረልኝ።