በሁዳዴ የተቀባ ቀለህ

ያ ነገር አንዲት ጊደር አስከፍሎኛል።

ወረታ ገበያ የኑግ ዘይት በሸተተኝ ቁጥር አያ መንግሥቴ ትዝ ይሉኛል። በጃንሆይ ጊዜ፣ ተተኩሶ ያበጠ ቀለህ ገዝቼ ስወስድላቸው በማጥበቢያ ብረት አሳልፈው ዳግም ጥይት ያደርጉልኝ ነበር። ቀለሁ ብረቱ ውስጥ እንዳይያዝ ቅቤ ይቀቡታል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ቅቤውን ከደኑት።

«ኑግ አምጣ» አሉኝ።

«ኑግ እየደረቀ ይጣበቃል። ደግሞ ቀለህ ይጾማል እንዴ፣ አያ?»

«ቀለህስ አይጾምም። እኔ ግን በዚሁ ጣት ነው የምጎርሰው።»

አመጣሁላቸው። ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ቀለህ ተጣብቆ ቀረ፤ በመዶሻ ሲመቱት ብረቱ ተሰነጠቀ። ዘይቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ጊደሬን ሸጬ ጎንደር ሌላ ባሠራም ልኩ አልመጣም። ማናችን እንዳጠፋን ዛሬም አልለየሁም።

ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ጊደሯ የለችም፣ ብረቱ የለም፣ ጾሙ አልተገደፈም።