ማሽኑ እስኪነሳ

ባሌ ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይል ነበር። «እሷ እኮ ሰው እንዴት እንደሚሰለፍ አጥንታ ማስተርስ የያዘች ናት።» እንግዳው ይስቃል፣ እሱ ደግሞ ከእንግዳው ብሶ ይስቃል። ታላቅ ወንድሙ አጠገቡ ካለ ቀበል አድርጎ፣ «ሰልፍ የሚያስመርቅ ከሆነማ እኔ ፕሮፌሰር ነኝ፤ ፕሪቶሪያ የመኖሪያ ፔርሚት ለማሳደስ ስቆም ነው ፀጉሬ ያለቀው» ይላል። እኔ ሻይ አቀርብና ከአንገት በላይ ፈገግ ብዬ ወደ ሱቁ እመለሳለሁ።

የሁለቱንም ስም እዚህ አልጽፍም። በእኛ አገር ምራት የባሏን ወገኖች ስም አትጠራም። ወንድምየውን ጋሼ እለዋለሁ፣ ፊት ለፊትም አንቱ እለዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን አንቱ ልለው እጄ እምቢ ይለኛል። የባሌን ስም የማልጽፈው ለወግ ብዬ አይደለም። ሞቶም ስላልበረደልኝ ነው።

ስለ ትምህርቴ እንኳ አልዋሸም። ጆሃንስበርግ ከመምጣቴ በፊት ደቡብ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምር ነበር። የመመረቂያ ጥናቴም አስተናጋጁ እየተበላሸ በሚነሳበት ወረፋ ላይ ሰው ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚያሰላ ነበር። አስተናጋጅ ስል ሰው ሊሆን ይችላል፣ ማሽን ሊሆን ይችላል፣ የቢሮ መስኮትም ሊሆን ይችላል። ለተማሪዎቼ ነገሩን የማስረዳው በወፍጮ ነበር። አንድ መንደር ውስጥ ሁለት ወፍጮ ቤቶች አሉ እንበል። የአንደኛው ቀበቶ ዘወትር ይወልቃል፤ ባለወፍጮው ተሳድቦ ይመልሰውና መፍጨቱን ይቀጥላል። ሁለተኛው አዲስ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለወራት አይቆምም፤ አንዴ ከቆመ ግን መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው። ዓመቱ ሲደመር ሁለቱም እኩል ጊዜ ተበላሽተው ይውላሉ። እህልህን የት ትወስዳለህ? ተማሪዎቹ ሁልጊዜ «እኩል ከሆኑማ ፈጣኑ ጋ» ይሉ ነበር። ተሳስተዋል። የብልሽቱ ርዝመት ቀመሩ ውስጥ የሚገባው በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ አንድ ረጅም ብልሽት ከብዙ አጫጭር ብልሽቶች የበለጠ ሰው ያንገላታል፤ ከኋላ የተከማቸው ሰልፍም ማሽኑ ስለተነሳ ብቻ ቶሎ አይበተንም። ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ የሚያምር ውጤት ነው። እኔ ራሴ ስጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ያለችው ቴምቢሳ ስመጣ ሰሌዳው ቀረ። በምትኩ ስፓዛችን ነበረች፤ በሎኬሽኑ፣ የጥቁሮቹን ሰፈር እዚህ እንዲያ ነው የሚሉት፣ መሃል ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመን ዳቦ፣ ዘይትና የነጠላ ሲጋራ የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ። ከሱቋ ጀርባ ግቢ አለ፣ ከግቢው ጫፍ የምንተኛባት ክፍል። በኮሮና ሁለተኛው ዓመት፣ የዚህ አገር ብርድ ሲጠና፣ ባሌ እዚያች ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ዋለ። ሆስፒታል ሞቼ እገኛለሁ አለ። «ገብቶ የወጣ አላየሁም» ይላል። በዚያ ሰሞን ከእኛ ሰዎች ገብቶ የወጣ በእርግጥም ብዙ አልነበረም፤ ተከራክሬ ልረታው አልቻልኩም። የቸርቻችን ሰዎች ሁለት የኦክስጅን ሲሊንደር አመጡልን። አንዱ ከባሌ አፍንጫ ጋር ተያይዞ ሲሠራ፣ ባዶውን ጋሼ ባኪው ላይ፣ እዚህ ፒክአፕ መኪናን ባኪ ነው የሚሉት፣ ጭኖ ወስዶ ያስሞላል። አንዱ ከማለቁ በፊት ሌላው ከደረሰ ባሌ ይተነፍሳል፤ ካልደረሰ አይተነፍስም። ነገሩ ይኸው ነበር።

የሚያስሞሉበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ ከሮዘተንቪል አለፍ ብሎ ያለ ጋራዥ የመሰለ ቤት ነው። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ይቆማል፣ ባለቤቱ ሽማግሌ በመፍቻ መታ መታ ሲያደርገው ይነሳል፣ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይንደቀደቃል። ሰልፉ ይንፏቀቃል እንጂ አይሞትም። ሌላው ለቴምቢሳ የሚቀርብ፣ ፋብሪካዎች መሃል ያለ ትልቅ ቦታ ነው። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ሲሊንደር በቅጽበት ይሞላል። ሎድሼዲንግ ሆኖ መብራት በተራ ሲጠፋ ግን ማሽኑ ራሱን ይቆልፋል፤ መብራት ቢመለስም ቴክኒሻን መጥቶ ካልከፈተው አይነሳም። ይህን የነገረኝ ራሱ ጋሼ ነው፣ እራት ላይ፣ እንደ ወሬ።

ያን ቀን ጠዋት ባዶውን ሲሊንደር ሲጭን ግቢ ውስጥ ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሮዘተንቪል ይሂዱ» አልኩት።

«ሮዘተንቪል ምን አለ? ሩቅ ነው፣ ማሽኑም የጃጀ ነው።»

«የጃጀው ይሻላል። አዲሱ አንዴ ከቆመ መነሻው አይታወቅም። ዛሬ ደግሞ ሎድሼዲንግ አለ ብለዋል።»

«አዲሱ ጋ እኮ የእኛ ልጅ አለ» አለኝ። በሩ ላይ ሴኩሪቲ ሆኖ የሚሠራ የአገራችን ሰው ነበር፣ ከጋሼ መንደር የመጣ። «ሰው እያለን ምን ያንከራትተናል?»

ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። እሱ እሺ ካለ ወንድሙ እሺ ማለቱ አይቀርም ብዬ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የወፍጮውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት፤ አንድ ትርፍ ቃል አልተጠቀምኩም፣ ክፍል ውስጥ እንኳ እንደዚያ አስተምሬ አላውቅም። ዝም ብሎ ሰማኝ። የገባው መሰለኝ። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመው ወንድሙ ዞረና ትንፋሹን እየቆራረጠ፣ «አትስማት። እሷ ሰልፍ ከተነሳ አታባራም» አለው።

ሁለቱም ሳቁ። የባሌ ሳቅ ወደ ሳል ዞሮ እስኪያልፍለት ድረስ ጀርባውን ደገፍኩት። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ነውና ጋሼ ባኪውን አስነስቶ ወደ «የእኛ ልጅ» ሄደ። ሌሎች ሴቶች የባላቸውን የመጨረሻ ቃል እያስታወሱ ያለቅሳሉ። ባሌ ከዚያ በኋላ ያን ያህል የሚሰማ ነገር ስላልተናገረ ለእኔ የቀረችኝ «አትስማት» ናት። ባስታወስኳት ቁጥር እርር ድብን እላለሁ።

ረፋዱ ላይ ጋሼ ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎት ነበር። ልጁ ከሰልፉ ጭራ አውጥቶ ወደ ፊት አምጥቶታል፤ ሰዎች አጉረምርመዋል፣ አንዲት ሴትዮ ልጁን ሰድባዋለች፣ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። «ሦስተኛ ነኝ፣ ለእሱ ንገሪው» አለኝ። ለባሌ ነገርኩት፤ አውራ ጣቱን አነሳ። እኔም አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። የቀረውን አየር የሚያሳየው የሲሊንደሩ መርፌ ገና መሃል ላይ ነበር።

ስልኩን ሳስቀምጥ የሱቁ ፍሪጅ ዝም አለ።

መልሼ ስደውል ጋሼ፣ «ማሽኑ ቆሟል፤ ቴክኒሻኑ አሁን ይመጣል እያሉ ነው» አለኝ። ጠበቅኩ። መርፌው ወረደ። እንደገና ደወልኩ፤ አሁን ይመጣል እያሉ ነው። ሰው ሲጠብቅ የሚሠራው አንድ የታወቀ ስህተት አለ፤ «ይህን ሁሉ ከጠበቅኩ በኋላ ቀርቦ ይሆናል» ይላል። እንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሚነሳ ብልሽት ቶሎ ይነሳል፤ እስካሁን ካልተነሳ ክፉው ብልሽት ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ብዙ በጠበቅክ ቁጥር ገና የሚቀርህ ይረዝማል። ይህን በሁለት ገጽ ማረጋገጫ ጽፌ መምህሮቼ ፈርመውልኛል። በስልክ ግን ማረጋገጫ የሚሰማ የለም።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ትተውት ሮዘተንቪል ይሂዱ። ሎክዳውን ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ይደርሳሉ።»

«እንዴት ብዬ ነው ትቼው የምሄደው?»

«ሲሊንደሩን ጭነው ነዋ።»

«አንቺ፣ ልጁ እኮ ለእኔ ብሎ ከሰው ተጣልቷል። በእኔ የተነሳ ተሰድቧል። አሁን ጥዬው ብሄድ ምን ይለኛል? ያደረገልኝን ፊቱ ላይ እንደ መወርወር ነው።»

«ወንድምዎ እየደከመ ነው።»

«ሦስተኛ ነኝ እያልኩሽ እህቴ። ሦስተኛነት ተጥሎ ሌላ ሰልፍ ጭራ ላይ ይኬዳል?» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጁ አጠገቤ ነው፣ ይሰማል» ብሎ ዘጋው።

ትዕግሥቱ አልቆ ሰልፍ ጥሎ ስለሚሄድ ሰው ብዙ ጥናት አንብቤያለሁ። መሄድ እያለበት ውለታ ይዞት፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ስለሚቆም ሰው ግን አንድም አላነበብኩም። የጻፉት ሰዎች ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቁም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው በየትኛውም ቀመር አይገባም፤ የፈለገው ማሽን ቢቆም እሱ ከማሽኑ ጋር ይቆማል። ጋሼ ወንድሙን አይወድም አልልም። በጣም ይወደው ነበር። ግን ወንድሙ እዚያ አልነበረም፣ ልጁ ነበር።

አምቡላንስ ጠራሁ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ መኪናዎቹ ሁሉ ወጥተዋል፣ ተራ ይዘሻል አለችኝ። ጎረቤታችንን፣ ደግ ዙሉ ሴትዮ ናት፣ መኪና ያለው ታውቂ እንደሆን ብዬ ጠየቅኳት፤ እሷም ልታፈላልግ ወጣች። ግን ምን ይዞ የሚሄድ መኪና ነው የምፈልገው? ባዶው ሲሊንደር ያለው ጋሼ ጋ ነው፣ ሦስተኛ ሆኖ።

ያለኝ አንድ ነገር የሲሊንደሩ ማስተካከያ ብቻ ነበር። ፍሰቱን ከቀነስኩት ባሌ ይታፈናል፣ ግን ሲሊንደሩ ይቆያል፤ ካልቀነስኩት ደህና ይተነፍሳል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። አሰላሁና ቀነስኩት። ስቀንሰው አየኝ። በእጁ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ አለኝ። «ቆይ፣ እስኪመጣ ነው» አልኩት። የሚመጣ አልመሰለኝም፤ ቢሆንም ቀነስኩት፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ቀነስኩት። ያኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በእኔ ተቆጥቶ ይሁን አየር ፍለጋ እስካሁን አላውቅም። ተቆጥቶ ከሆነ አልፈርድበትም፤ እኔም ተቆጥቼበት ነበር፣ ጀርባውን እያሻሸሁ፣ እየጸለይኩ፣ በውስጤ ደግሞ ይበልህ እያልኩ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ነው ያደረግኩት። ሦስቱም እውነት ነበሩ።

ፀሐይ ግቢው ላይ ሳለች፣ የሱቁ ፍርግርግ ላይ አንድ ደንበኛ በዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና ማማ፣ ዳቦ» እያለ በሳንቲም ሲያንኳኳ፣ መርፌው ታች ገባ። ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ ከመሄዱ በፊት ባሌ ሄደ።

አልጮህኩም። የእኛ አገር ሰው ከጮኸ መንደሩ ይሞላል፣ ለቅሶው የሁሉም ይሆናል። እኔ ለጊዜው ለማንም ላካፍለው አልፈለግኩም። እንደተኛ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው አለበስኩት። ቱቦውን ከአፍንጫው አላወጣሁም። መጋረጃውን ጋርጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ስልኩ ጠራ።

«ቴክኒሻኑ መጥቷል፣ ማሽኑ ተነስቷል» አለ ጋሼ፤ በደስታ ያለከልካል። «አንድ ሰው ነው የሚቀድመኝ። እሱ እንዴት ነው?»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ከጀርባው የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል፤ እንከን የሌለው፣ ፈጣን፣ አዲስ ማሽን። የእኛ ልጅም አጠገቡ ሆኖ በአገራችን ቋንቋ እንኳን ደስ ያላችሁ ሲል ሰማሁት።

«ተኝቷል» አልኩት። «ተራዎን ይጠብቁ።»

ጨካኝ ናት የሚለኝ ይኖራል፤ ይበል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ የጠበቀውን ነገር መከልከል አልፈለግኩም።

መኪናው ግቢ ሲደርስ አልወጣሁም። ሲሊንደሩን በትከሻው ተሸክሞ «ሙሉ ነው፣ ሙሉ ነው» እያለ ገባ። ማስኩ በላብ ርሶ አፉ ላይ ተለጥፏል። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፣ በእኛ ሰፈር መብራት ገና አልተመለሰም። «አላልኩሽም? ሰው ሲኖር እንዲህ ነው» አለኝ፤ ከዚያ ወደ አልጋው፣ «አይዞህ፣ መጣሁልህ» አለ። መልስ አልጠበቀም፤ ጊዜ እንደሌለ ያውቃል። አልጋው ስር ተንበረከከ። የባዶውን ራስ ፈትቶ ሙሉው ላይ ገጠመ፣ በቁልፉ አጠበቀ። እጁ ፈጣን ነው፣ ሁልጊዜም ሥራ ይችል ነበር። ከፈተው። አየሩ ሽሽሽ እያለ በቱቦው ሄደ።

«ስንት ላይ ላድርገው?» አለኝ ማስተካከያውን ይዞ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳይነቅል።

«የፈለጉት ላይ ያድርጉት» አልኩት።

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።