ጋሽ ሰከንድ እና የእህቱ ደም

የላቦራቶሪ ባልደረቦቹ «ጋሽ ሰከንድ» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ደም በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ ሲለካ የኖረ ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? ማሽን ከገባ በኋላ እንኳ የደሙን ብልቃጥ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሰዓቱን ጨብጦ፣ በዓይኑ ካላየ አያምንም። በግትርነቱ ሁሉም ይስቁበታል፤ ሲቸግራቸው ግን የሚጠሩት እሱን ነው።

ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ሰሞን ግራ እግሯ አብጦ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ፣ «ደም ሥርሽ ውስጥ ደም ረግቷል» ብሎ የሚያቀጥን መድኃኒት አዘዘላት። እሷም መድኃኒቱን እንደያዘች በቀጥታ ወደ ወንድሟ መጣች።

«ሳትጀምሪው እስቲ ደምሽን ልየው» አላት።

በሠላሳ አምስት ሰከንድ ገደማ መርጋት የነበረበት ደም ሰባ አንድ ሰከንድ ፈጀ። ደገመው፤ ያው ነው። ሠለሰው፤ ያው።

«ያንቺ ደም እንኳን ሊረጋ፣ ጭራሽ ቀጭን ነው። ይህን ብትውጪ ደምተሽ ታልቂያለሽ። ተዪው።»

«አንተ ካልክ እሺ» አለችው።

በአሥራ አንደኛው ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች ትንፋሿ ተቋረጠ። እግሯ ውስጥ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባዋ ላይ ተቀርቅሮ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ፈረሱ ግን ምን እንደሚሰማው የሚጠይቅ የለም።

ከቀብር መልስ ጋሽ ሰከንድ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሆኖ የተረፈውን የእህቱን ፕላዝማ፣ ከደሟ የተለየውን ፈሳሽ፣ አወጣ። የመርጊያው ጊዜ ሲረዝም ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር ቀላቅሎ መድገም የሙያው ደንብ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ያደርገዋል፣ ለእሷ ግን ቸኩሎ ዘለለው። አሁን ቀላቀለው። አሁንም ዘገየ። ደም የሚያረጋ ነገር ጎድሎባት ቢሆን ኖሮ የጤነኛው ይሞላው ነበር፤ የሚያግድ ነገር አለ ማለት ነው።

ውጤቱን ያየው ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳው። «ሰውነቷ በገዛ ደሟ ፕሮቲን ላይ የሚነሳ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቷል። ብልቃጥ ውስጥ መርጋቱን ያዘገየዋል። ደም ሥር ውስጥ ግን ተቃራኒ ነው፤ ደሙን ያረጋዋል፣ የረጋውም ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርጋል።»

ከዚያ በቀጥታ እናቱ ቤት ገባ። እናቱ የሟቿን ልብስ እያጣጠፉ ነበር። እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ፣ «እማዬ፣ መድኃኒቱን ያስተውኳት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ።

እናቱ የያዙትን ቀሚስ ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እግሯ ሲብስባት ልትውጠው ፈልጋ ነበር እኮ፣ ልጄ። ውሃውንም ቀድታ ነበር። "ወንድምሽ ያውቃል፣ እሱን ስሚ" ብዬ ከእጇ የነጠቅኳት እኔ ነኝ።»