መርዶው ሳይነገር

ቤታችን ውስጥ የእህቴ ነገር ሲነሳ ጭቅጭቅ አይቀርም። ውጭ አገር ኤምባሲያችን ውስጥ እየሠራች ታመመች፣ እዚያው አረፈች፤ በዚህ የሚከራከር የለም። የምንከራከረው እናታችን ወዲያው መረዳት ነበረባት ወይስ መቆየት በሚለው ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ አጎቴም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የእኔ ንዴት ግን አልበረደም።

ጊዜው የደርግ ነው። የመርዶው ስልክ የተደወለው ደሴ፣ አጎቴ ሱቅ ነበር። አስከሬኗ ዓርብ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ይገባል ተባለ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ የቤቱ አዛዥ አጎቴ ናቸው። ሽማግሌ ሰብስበው ተማከሩና፣ ጀናዛው ሳይደርስ ምን አስቸኮለን፣ ዓርብ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እናረዳታለን ብለው ቆረጡ። ከእናቴ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የማድረው እኔ ነኝ።

"እስከዚያው እርስዎ ይምጡና አብረዋት ይዋሉ እንጂ" አልኳቸው።

"አብሽሪ፣ ምን አላት ዓርብ፣ ደረሰች እኮ" አሉኝ።

ለእሳቸው ምንም አልነበራትም። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ውሃ ልቀዳ ብዬ እወጣና ባዶ ባልዲ ይዤ እመለሳለሁ። ወሬው በሬዲዮ እንዳይመጣ ባትሪ ድንጋዩን አውጥቼ ደበቅሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድሜ እሮጣለሁ። ያለቀስኩትም ሽንት ቤት ገብቼ፣ አፌን በነጠላ አፍኜ ነው። እናቴ አየችኝ አየችኝና "ምን ነካሽ አንቺ፣ ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?" አለች።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ተነሥታ ከኮምቦልቻ አለፍ ብሎ ወዳለው ሐርቡ እሄዳለሁ አለች። እህቷ እዚያ ከታመመች ሰንብታለች። ሆዴን አመመኝ ብዬ ተጠቀለልኩ፤ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝና ጫማዋን አደረገች። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም፤ የቀረኝ ተስፋ ቀበሌው ነበር። ሊቀመንበሩ እንኳን ለሐርቡ፣ ለቀብርም ቢሆን ዛሬ ነገ እያለ የሚያመላልስ ሰው ነው። መርዶውን ግን እሱም ሰምቷል። እናቴን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት፣ አንገቱን እንደደፋ በሁለታችን ስም ማኅተሙን መታላት።

"አላህ ይስጥህ፣ ዛሬስ ሰው ሆንክ" ብላው ወጣች። ተከተልኳት።

መናኸሪያ አውቶቡሱ እስኪሞላ ብዙ ቆየን። ለካ ከቤት እንደወጣን ስልክ ተደውሎ፣ አውሮፕላኑ ዛሬ ይገባል ተብሏል። የአጎቴ ሰዎች ቤት ለቤት ሲፈልጉን የሰፈሩ ሰው ደግሞ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል። እኛ ይህን አናውቅም። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እናቴ ስለ እህቴ አወራችኝ።

"አሁን ስትመጣ ተመልሳ አትሄድም። ባል አግኝቼላታለሁ። ለሷ እንዳትነግሪያት ብቻ" አለችና ሳቀች።

እሺ አልኳት። ልነግራት ቃጣኝና ተውኩት። እናት ልጇ መሞቷን በአውቶቡስ ውስጥ፣ በማታውቀው ሰው መካከል አትረዳም። አጎቴን በሆዴ ረገምኳቸው።

ኮምቦልቻ ላይ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚያስገባው መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። እናቴ በመስኮት አየችና ወዲያው ለየቻቸው።

"የኛ ሰፈር ሰዎች ናቸው እኮ። ማን ሞቶ ነው?"

መልሴን አልጠበቀችም። ሾፌሩን አቁምልኝ አለችው። ሐርቡ ሳንደርስ ይመሽብናል ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

"ለቀስተኛ እያየሁ ላልፍ ነው? ነውር አይደለም እንዴ?" ብላ እጄን አስለቅቃ ወረደች።

አጎቴ ከፊት ቆመው ነበር። እሷን ሲያዩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ የጎረቤታችንን ሚስት ትከሻ ያዘች።

"ማን ነው?"

"ልጅ ናት" አለች ሴትዮዋ።

"ኢና ሊላሂ። ልጅ?" እናቴ እዚያው እንባዋ ወረደ። "ወይ የናቷ አንጀት። ወይ የናቷ አንጀት" እያለች ወደ መሐል ገባች። ሰዉ ግራና ቀኝ እየተከፈለ አሳለፋት።

"እናትየዋ የታለች? ብቻዋን ነው የተዋችኋት?" ብላ ጠየቀች። የሁሉም ዓይን እሷው ላይ እንዳረፈ ስታይ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።